የቁጥር ሃያ ሰባት መግቢያ ወረቀት

መዝገብ ያዧ በመዝገብ ክፍሉ ወለል ላይ በጀርባዋ ተንጋላ፣ አንድ ጫማዋ ወልቆ፣ ዓይኗ ጣሪያውን እንዳየ ተገኘች። አጠገቧ የእንጨት መሰላል ተጋድሟል። ከላይኛው መደርደሪያ የወረዱ አሮጌ የስም መጥሪያ መዝገቦች በዙሪያዋ ተበታትነዋል። ላየው ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ መሰላል ወጣች፣ እጇን ዘረጋች፣ ወደቀች፣ ጭንቅላቷ የብረት መደርደሪያውን ጠርዝ አገኘው፣ አበቃ። ለዚህ ለዚህማ ፖሊስ ምን አስጠራ?

መርማሪዋ ግን ግልጽ ነገር አይዋጥላትም። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ናት፣ ደግሞም የገባችበትን ሳትወጋ አትወጣም። ዛሬ ግን የትምህርት ቤቱን በር ስታልፍ እንደ መርፌ ሳይሆን እንደ ድሮዋ ተማሪ እግሯ ተሳሰረባት። ስድስተኛ ክፍል የተማረችው እዚህ ነው። ያን ዓመት እናቷ ታመው አርባ ቀን ከአልጋቸው ሥር አልተነሳችም። ሕጉ ደግሞ ሠላሳ ቀን የቀረ ተማሪ ከመዝገብ ይሰረዛል ይላል። የክፍል ኃላፊዋ የነበሩት መምህር ግን አርባውንም ቀን እንዳለች አድርገው መዘገቧት። በተመለሰች ዕለት የመግቢያ ወረቀት ጽፈው «ግቢ ልጄ» አሏት፤ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ያ ወረቀት ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ከኪስ ቦርሳዋ አልወጣም። ዛሬ ከፖሊስ መታወቂያዋ ጀርባ ተቀምጧል። እሳቸው ባይኖሩ መታወቂያውም ባልኖረ ነበር፤ ይህንን ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ትናገራለች። እኚያ መምህር ዛሬ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ናቸው።

ሐኪሙ ከሬሳው አጠገብ ቀና አለ። «የተመታችው ከሰባት ሰዓት በፊት ነው። ደሙ ደርቋል፣ እብጠቱም ቆይቷል።»

«ከተመታች በኋላ ተነስታ ይሆን?»

«በፍጹም። መነሳትም መናገርም አትችልም።» ሐኪሙ ጓንቱን አወለቀ። «ግን ወዲያው አልሞተችም። አንድ ሰዓት ያህል ሳትተነፍስ አልቀረችም።»

መርፌ ክፍሉን በዓይኗ ዞረችው። ጠረጴዛው ላይ ከስልኩና ከባዶ መግቢያ ወረቀቶቹ አጠገብ ቀይ እስክሪብቶዎች በረድፍ ተደርድረዋል። ግድግዳው ላይ ባለ ረጅም ሚስማር የመግቢያ ወረቀቶች ቅጂ ተሰክቷል። አንድ በአንድ ገለጠቻቸው። ሁሉም በቀይ፣ ሁሉም «ዘግይቷል» ወይም «ዘግይታለች» የሚሉ፣ እያንዳንዱ ላይ የወላጅ ደብዳቤ ተያይዟል። የዛሬ ከሰዓት ቅጂ የለም። በሩ ላይ፣ ከልጅ ቁመት በላይ፣ እጅ ብቻ የምታሳልፍ ትንሽ መስኮት አለች፤ ዘግይቶ የመጣ ተማሪ የሚስተናገደው በእሷ ነው።

ዘበኛው ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ጺሙ የሸበተ፣ ወሬ የማያልቅበት ሰው ነው።

«አባባ፣ መሰላል ትወጣ ነበር?»

«እሷ?» አለ ዘበኛው፤ ሐዘን ላይ ባይሆን ኖሮ ይስቅ ነበር። «ጉልበቷ ከከዳት ሁለት ዓመቷ! መሰላል ስታይ ያዞራታል እንኳን ልትወጣው። ከፍ ያለ መዝገብ ሲያስፈልጋት እኔን ነበር የምትጠራኝ። "ና ቁመትህን አበድረኝ" ትለኛለች። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ያንን መሰላል አንድ ቀን ነክታው አታውቅም።»

«መጨረሻ ያየሃት መቼ ነው?»

«ስድስት ተኩል ላይ ሻይ አቀበልኳት። የተከፋች ትመስል ነበር። "ምን ሆንሽ?" ብላት "አንድ ነገር ቆጥሬ ቁጥሩ አልገጥም አለኝ" አለች። ልጆቹ እትዬ ቀይ እስክሪብቶ እያሉ ይፈሯታል እንጂ፣ እህ… ሆዷ ቂቤ ነበር።»

«በምሳ ሰዓት ግቢ ውስጥ ማን ነበር?»

«ሌላው ሁሉ ወጥቷል። ጋሼ ርእሰ መምህሩ፣ ምክትሉ፣ የስድስተኛ ለ መምህሯ። እኔን ካልተውሽኝ አራት። ሰባት ተኩል ላይ ደወል ተደውሎ በሩን ዘጋሁ። ሞት ይርሳኝ፣ አንዲት ልጅ ዘግይታ መጣች። እንደ ደንቡ ወደዚህ ላክኋት። ማታ ማታ መዝገቦቹን ተሸክሜ ጋሼ ቢሮ ለፊርማ ማስገባት፣ ጠዋት ደግሞ ለየክፍሉ ማደል፣ ዘግይቶ የመጣውን ወደዚች መስኮት መላክ፤ ሥራዬ ይኸው ነው።»

ምክትሉ አገባቡ ራሱ ጥድፊያ ነበር። ሱፉ የተተኮሰ፣ ትምህርት ቤቱን ከተቀላቀለ ገና ሁለት ወሩ የሆነ ወጣት ነው። ስምንት ተኩል ላይ የከሰዓቱን ማጠቃለያ ሊወስድ መጥቶ አስከሬኑን ያገኘው እሱ ነው።

«የሐኪሙን ሰምቻለሁ፣ ግን ተሳስቷል» አለ። «ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ ለአንዲት ተማሪ መግቢያ ወረቀት ሰጥታለች። ወረቀቱ ክፍል ውስጥ አለ። ስለዚህ የወደቀችው ከዚያ በኋላ ነው። ከሰባት አርባ አምስት ጀምሮ ደግሞ እኔና ርእሰ መምህሩ ክፍል ለክፍል እየዞርን ልጆቹን ለነገው ስናዘጋጅ ነበር። አደጋ ነው በቃ።»

«ነገ ምን አለ?»

«ቆጠራ! ድጎማው የሚመጣው በአካል በተገኘ ተማሪ ልክ ነው። ከአራት መቶ በታች ከሆንን ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ ልጆቹ ይበተናሉ። በመዝገቡ አራት መቶ አስራ ሁለት ነን።»

«ከሟች ጋር ትጣሉ ነበር አሉ።»

ፊቱ ቀላ። «ስም ጥሪውን ወደ ኮምፒውተር እናዙረው አልኩ፣ እምቢ አለች። "ኮምፒውተር አያፍርም፣ ሰው ግን ሲዋሽ እጁ ይንቀጠቀጣል" ትለኝ ነበር። በዚህ ሰው ይገደላል እንዴ?»

«መገደል የሚለውን ያነሳኸው አንተ ነህ» አለች መርፌ።

ከመዝገብ ክፍሉ ትይዩ ያለውን በር ስታንኳኳ ልቧ እንደ ልጅነቷ ይደልቅ ነበር። ርእሰ መምህሩ ከወንበራቸው ተነስተው መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ አተኩረው አዩዋት፣ ከዚያ ፊታቸው በራ።

«ቁጥር አስራ ዘጠኝ!»

«ጋሼ! እስከ ዛሬ ያስታውሱታል?»

«ያስተማርኩትን ልጅ ቁጥር ብረሳ ምን ልይዝ ነው?» አቅፈው ግንባሯን ሳሟት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ሃያ ዓመት አብረን ሠርተናል ልጄ። እህቴ ነበረች። እንዲህ በመሰላል… ምን ልበልሽ።»

«በምሳ ሰዓት የት ነበሩ? ደንብ ሆኖ ነው የምጠይቅዎ።»

«ጠይቂ፣ ጠይቂ እንጂ፣ ሥራሽ ነው። ከስድስት ሰዓት እስከ ሰባት አርባ አምስት ከዚህች ወንበር አልተነሳሁም። የነገውን ሰነድ ስፈርም ነበር።» እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ልጆቹ ሳይሸበሩ ቶሎ ጨርሺው። ነገ ካልተቆጠርን ይህ ደጃፍ ይዘጋል። አንቺን የመሰለ ስንት ልጅ አለ መሰለሽ እዚህ ግቢ?»

መርፌ ከክፍሉ ስትወጣ የሰውየውን እጅ ሙቀት በእጇ ይዛ ነበር። እሳቸውን ከዝርዝሯ ሰርዛቸዋለች፤ በእርግጥ ጽፋቸውም አታውቅም።

የስድስተኛ ለ መምህሯ ከጥያቄው በፊት እንባዋ ቀደመ። ከመዝገብ ያዧ ሦስት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሷታል፤ ሦስተኛው የመጨረሻው ነው።

«የቀሩ ልጆችን አሉ ብለሽ መዝግበሻል አለችኝ» አለች እየሳገች። «እኔ ለሠላሳ ስምንት ልጅ ስም ጠርቼ እልካለሁ። በነጋታው መዝገቡ ሲመለስ አርባ አንድ ሆኖ ይመጣል። ሦስቱ አምና ከሰፈር የለቀቁ ናቸው፤ በመልክ እንኳ አላውቃቸውም! ማን ይመነኝ?»

«አላመነችሽም?»

«ባለፈው ሳምንት ራሷ ክፍል ገብታ አንድ በአንድ ቆጠረች። ከዚያ በሌሎቹም ክፍሎች ዞረች። ትናንት መጥታ "ይቅርታ የኔ እህት፣ አንቺ አይደለሽም" አለችኝ። "ማን ነው ታዲያ?" ብላት "ነገ ከሁሉም በፊት ለማምነው ሰው ልንገር" አለች።»

«ለማን?»

«እኔ ምን አውቄ? ስም አልጠራችም።»

ዘግይታ የመጣችው ልጅ ተጠራች። ሁለት ጉንጉን የተሠራች፣ ደንግጣ መምህሯን የሙጥኝ ያለች ልጅ ናት።

«ለምን ዘገየሽ የኔ ቆንጆ?»

«እማዬ ከሥራ እስክትመጣ ሕፃኗን ይዤ።»

«እዚህ ስትደርሺ ማንን አየሽ?»

«ዘበኛው ከበር ሆነው "ወደ መስኮቷ!" አሉኝ። ምክትሉ ሜዳ ላይ ወንበር ሲያስደረድሩ አይተውኝ "ሩጪ!" አሉኝ። ከዚያ መስኮቷን አንኳኳሁ። ዝም አለ። ደግሜ አንኳኳሁ። ስሜንና ክፍሌን ተናገርኩ፤ "እባክዎ ቀሪ እንዳይሉኝ" አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«እጅ ወጥቶ ወረቀት ሰጠኝ።»

«ደብዳቤ አልተጠየቅሽም? ቁጥርሽን?»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። «እትዬ ሁልጊዜ ይጠይቁኝ ነበር። ዛሬ ምንም አላሉኝም። ክፍል ስገባ ቲቸር ገና ስም እየጠራች ነበር።»

መምህሯ ወረቀቱን ከመዝገቧ ውስጥ አውጥታ ሰጠች። «በችኮላ ተቀብዬ አስገባሁት፤ አላነበብኩትም» አለች። መርፌ ተቀብላ አየችው። በሰማያዊ ቀለም «6ለ፣ ቁ. 27፣ 7፡40» ይላል። ከሥሩ አንዲት ቃል አለች፤ «ገብታለች»። ከቃሏ ሥር ሁለት አጫጭር መስመሮች ተሰምረዋል።

መርፌ ክው አለች። ወረቀቱን ሳታጥፈው ደረት ኪሷ ከተተችው።

«ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?» አለ ዘበኛው።

«ውሃ ካለ» አለች። ውሃው መጣ፤ አልጠጣችውም።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ከሄዱ በኋላ አራቱ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተሰበሰቡ። ዘበኛው በር ላይ፣ መምህሯ ከመስኮቱ ሥር፣ ምክትሉ ሰዓቱን እያየ፣ ርእሰ መምህሩ ከጠረጴዛው ራስ። መርፌ አልተቀመጠችም።

«እትዬ ከመሰላል አልወደቀችም» ብላ ጀመረች። «መሰላል አትወጣም። ጉልበቷን የሚያውቅ ያውቃል። ስለዚህ መሰላሉን ያጋደመው፣ መዝገቦቹን የበተነው ሌላ ሰው ነው።»

«የዘበኛ ወሬ ነው እንዴ ማስረጃው?» አለ ምክትሉ።

«ሐኪሙም አለ። የተመታችው ከሰባት በፊት ነው፤ ከዚያ ወዲያ እስክሪብቶ መያዝ አትችልም። ታዲያ ሰባት አርባ ላይ በመስኮቷ ወረቀት ያቀበለው እጅ የማን ነው?»

መምህሯ «የፈጣሪ ያለህ!» ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

«አንቺ ስም እየጠራሽ ነበር፣ ሠላሳ ሰባት ልጅ ያያል። ዘበኛው ልጅቷን ከበር ነው የላካት፤ ሮጣ ስትሄድ ቀድሟት ክፍሉ ውስጥ ሊገባ አይችልም። አንተ ደግሞ» ወደ ምክትሉ ዞረች፣ «ሜዳ ላይ ወንበር ታስደረድር ነበር፤ "ሩጪ" ስትላት ሰምታሃለች። ምስክርህ እሷው ናት።»

ሒሳቡን ለመሥራት ማንም ጣት አላስፈለገውም። ሁሉም ግን ወደ ጠረጴዛው ራስ ማየት ፈሩ።

«እትዬ ወረቀት የምትጽፈው በቀይ ነው፤ "ዘግይታለች" ነው የምትለው። ያለ ወላጅ ደብዳቤ አንድም ልጅ አሳልፋ አታውቅም። የአራት መቶ ልጅ ቁጥር በቃሏ ስለማትይዝ ሁልጊዜ ትጠይቃለች። ይሄ ወረቀት በሰማያዊ ነው። ደብዳቤ አልጠየቀም። ልጅቷ ቁጥሯን ሳትናገር ሃያ ሰባት ብሎ ጽፏል።» ወረቀቱን ከደረት ኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «የእያንዳንዱን ልጅ ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ሰው አንድ ነው። ዛሬ ከሰዓት፣ ከሃያ አራት ዓመት በኋላ፣ የእኔንም ነግሮኛል።»

«ጋሼ?» አለ ዘበኛው፤ ጥያቄ ሳይሆን ልመና ነበር የሚመስለው።

«መዝገቦቹ የሚያድሩት እሳቸው ቢሮ ነው። ራስህ ነህ ተሸክመህ የምታስገባው። ማታ ሠላሳ ስምንት ሆኖ የገባው ጠዋት አርባ አንድ ሆኖ ይወጣል። እትዬ ደረሰችበት። ከሁሉም በፊት ለማምነው ሰው ልንገር አለች። ሃያ ዓመት አብሯት ለሠራው፣ እህቴ ለሚላት ሰው።» ወደ እሳቸው ዞረች። «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል ጋሼ። እርስዎ ነዎት ይሄንን ተረት ያስተማሩን።»

ርእሰ መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በአራት የታጠፈ ዝርዝር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። በቀይ የተጻፈ ነው።

«ሠላሳ አንድ ልጅ» አሉ ቀስ ብለው። «ሠላሳ አንድ ስም ብቻ። ለራሴ አንድ ሳንቲም አልነካሁም። ያለ እነሱ ሦስት መቶ ሰማንያ አንድ ነን፤ ደጃፉ ይዘጋል። ለመንኳት። "አንድ ዓመት ብቻ ታገሺኝ" አልኳት። "ጋሼ፣ በእርስዎ ምክንያት ሦስት ጊዜ ንጹሕ ሰው ከስሻለሁ" አለችኝ። ዝርዝሩን ልነጥቃት ስታገል ገፋኋት። መግፋት ብቻ ነው። የብረቱ ጠርዝ…»

መምህሯ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ሦስቱን ደብዳቤዎች ያስጻፈባት እጅ ይኸው ከፊቷ ነበር፤ በየሳምንቱ «አይዞሽ የኔ ልጅ» እያለ ትከሻዋን የሚያሸው እጅ።

«ልጅቷ ስታንኳኳ መሰላሉን እያጋደሙ ነበር» አለች መርፌ። «ዝም ቢሉ ትሄድ ነበር። ቀሪ ትባል ነበር፣ እኔም "ከመሰላል ወደቀች" ብዬ ፈርሜ ቤቴ እገባ ነበር። ለምን ጻፉላት?»

ሽማግሌው ቀኝ እጃቸውን አዩ። «ቀሪ እንዳይሉኝ አለች» አሉ። «እጄ ራሱ ጻፈ።»

መርፌ እጁ ራሱ ለእሷም የጻፈላትን ሰው፣ ያንኑ ሰው፣ አየችው፤ ደግሞ መሬት ላይ የተንጋለለችውን ሴት አሰበች።

«ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ያን ሲጽፉ እትዬ እየተነፈሰች ነበር። ሐኪሙ ነግሮኛል። ይሰማዎት ነበር?»

ምክትሉ ሰዓቱን ማየት ትቷል።

«ይሰማኝ ነበር» አሉ።

«ወረቀቱን ከጻፉበት አጠገብ ስልክ ነበር።»

«ነበር።»

መርፌ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስለዚህ ሰው ለልጆቿ አባት ስታወራ ኖራለች፣ እናቷ ሲሞቱ መጀመሪያ የደወለችው ለእሳቸው ነው። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ደግ ሰው አለ ብላ የምትምለው በእሳቸው ነበር። ተከዳሁ ብላ ልትጮህ ፈለገች፤ የፖሊስ ልብስ ለብሳለችና አልጮኸችም።

«ልጄ» አሉ ርእሰ መምህሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ ለአንቺ አርባ ቀን ገብታለች ብያለሁ። ለአርባውም ልታሰር እችል ነበር። አንዲት ቀን ብታልፊልኝ? ስለ እኔ አይደለም፤ ነገ ይቆጠሩልኝና ከነገ ወዲያ ራሴ እመጣለሁ።»

መርፌ የኪስ ቦርሳዋን አወጣች። ከመታወቂያዋ ጀርባ ቢጫ የሆነውን ወረቀት ሳበችና ከልጅቷ ወረቀት ጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «6ሀ፣ ቁ. 19። ገብታለች።» ከሥሩ ሁለት አጫጭር መስመሮች። ዘበኛው አንገቱን አስግጎ አየ፤ ከዚያ ኮፍያውን ፊቱ ላይ አደረገ።

«የእጅ ጽሑፍ ማነጻጸሪያ ያስፈልገኛል» አለች። «የታወቀ፣ ቀኑ የተጻፈበት፣ ማን እንደጻፈው ምስክር ያለው። ከዚህ የተሻለ የለኝም።»

«ያንን እስከ ዛሬ ይዘሽው ነበር?» አሉ ርእሰ መምህሩ። ከገቡ ጀምሮ አሁን ገና እንባቸው ወረደ።

«እስከ ዛሬ» አለች።

የማስረጃ መረከቢያ ቅጽ አውጥታ ሞላች። ተራ ቁጥር አንድ፣ የተማሪዋ መግቢያ ወረቀት። ተራ ቁጥር ሁለት ላይ እጇ ቆመ፤ ቅጹ «ያስረካቢ ስም» ይላል። ስሟን ጻፈችና ፈረመች። ከፊርማዋ ሥር ሁለት መስመር ሊያሰምር የቃጣውን እጇን መለሰችው፤ ይህን ልማድ ከማን እንደወሰደችው ያወቀችው ያኔ ነው።

ከውጭ ሲጠብቅ የነበረው ኮንስታብል ርእሰ መምህሩን ክንዳቸውን ይዞ በሜዳው፣ ለነገ በተደረደሩት ወንበሮች መካከል አሳለፋቸው። ዘበኛው በሩን ለመክፈት ሮጠ፤ ከለመደው ሰላምታ አንዱንም አልሰጠም። መኪናው ከሄደ በኋላ ቁልፉን እንደያዘ ወደ መርፌ መጣ።

«ነገ ቆጣሪዎቹ ሲመጡ ምን ልበላቸው?» አለ። «ስንት ናችሁ ቢሉኝስ?»

መርፌ ባዶ የሆነውን የቦርሳዋን ኪስ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች።

«በሩን ክፈትላቸው» አለች። «የመጣውን ልጅ ይቁጠሩ።»